ፎቶው ተሰረቀ፤ የጠፋው ግን አመኔታ ነው

ባለፈው ኅዳር አንድ ምሽት የአክስቴ ልጅ ከሐይቅ ደወለችልኝ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «እቴቴ» ነው የምላት። ሰላምታውን በቅጡ ሳንጨርስ «አንተ ኢንተርኔት ላይ የምትውለው፣ እስቲ ይሄን እየው» ብላ ሊንክ ላከችልኝ። ከፈትኩት። የራሷ ድረ ገጽ ነው። የማሩ ፎቶ አለ፣ የቀፎዎቹ አለ፣ አምባሰል ላይ ማር ሲቆረጥ ያነሳችው አለ፣ ስለ ንብ አናቢዎቹ የጻፈችው ጽሑፍም አለ። «ታዲያ ምን ሆነ?» አልኳት። «ስልክ ቁጥሩን እየዋ!» አለችኝ። ቁጥሩ የእሷ አይደለም።

እቴቴ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት። ከአምባሰል ወረዳ ንብ አናቢዎች ማር ትረከባለች፣ አጣርታ በባልዲና በጠርሙስ ታሽጋለች፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻና አዲስ አበባ ላሉ ደንበኞቿ በመኪና ትልካለች። ድረ ገጹን የሠራላት ደሴ ያለ አንድ ልጅ ነው። ፎቶዎቹን ግን በራሷ ስልክ ነው ያነሳችው። ጽሑፉንም ራሷ ናት የጻፈችው፤ ሱቅ ከዘጋች በኋላ ማታ ማታ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል።

ጉዱ የታወቀው በአንዲት የአዲስ አበባ እናት ነው። ሴትዮዋ ሁለት ባልዲ ማር አዘው፣ ገንዘቡን በሞባይል ልከው፣ ሁለት ሳምንት ጠበቁ። ማሩም የለም፣ ስልኩም አይነሳም። ብልህ ሰው ናቸው። ድረ ገጹ ላይ ካሉት ፎቶዎች አንዱን አጉልተው ሲያዩ፣ ከሱቁ በር በላይ በተሰቀለው ታፔላ ላይ ሌላ ስልክ ቁጥር አገኙ። ደወሉ። «ልጄ፣ ማሬን ካልላክሽ ገንዘቤን መልሺልኝ» ሲሏት እቴቴ የምትለው ጠፋት። ስለ ገንዘቡም ስለ ትእዛዙም የምታውቀው ነገር የለም።

ያንን ታፔላ አስታውሱት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሌባው ምን ወሰደ?

ነገሩን ለጓደኞቼ ስነግራቸው አንዳንዶቹ «ፎቶ እኮ ነው፣ ምን ጎደላት?» አሉኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። አንድ ባልዲ ማር ቢሰረቅ ባለቤቱ አንድ ባልዲ ይጎድልበታል። ፎቶ ቢገለበጥ ግን ዋናው እዚያው ነው። አንድ ሰው አየው ብሎ ለሌላው አያልቅም። እዚህ ድረስ ጓደኞቼ ልክ ናቸው።

ጉዳቱ የቱ ጋ እንደሆነ ለማየት ግን ፎቶውን ትተን ማሩን እንይ። ማር ሻጩ የሚያውቀው፣ ገዢው የማያውቀው ዕቃ ነው። ስኳር ተደባልቆበታል ወይስ አልተደባለቀበትም? የአምና ነው የዘንድሮ? በዓይን አይለይም። ሰው ክብሪት ያስነካዋል፣ ውሃ ላይ ያንጠባጥበዋል፣ ይቀምሰዋል። ይሄ ሁሉ በስልክ አይሆንም።

አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ የጻፈው ስለዚህ ነው። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ነው የሚከፍለው። በዚያ ዋጋ ጥሩ ዕቃ ያለው ሻጭ አያዋጣውም፤ ይወጣል። ገበያው ላይ የሚቀረው መጥፎው ነው። ማይክል ስፔንስ ደግሞ መውጫውን አሳየ። ጥሩው ሻጭ «እኔ እለያለሁ» የሚል ምልክት መስጠት አለበት፤ ምልክቱ የሚሠራው ግን አጭበርባሪው በቀላሉ ሊያመጣው የማይችለው ሲሆን ነው። ሁለቱ ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማትን የተጋሩት በዚህ ዓይነት ሥራቸው ነው።

እቴቴ አከርሎፍንም ስፔንስንም አታውቃቸውም። ያደረገችው ግን እነሱ ያሉትን ነው። በጥቅምት ማር ሲቆረጥ አምባሰል ወጥታ፣ ጭሱ ዓይኗን እያቃጠላት፣ ቀፎው አጠገብ ቆማ ፎቶ አነሳች። የንብ አናቢውን እጅ፣ የማር እንጀራውን፣ ሰፈፉን አነሳች። ያ ፎቶ ለገዢው የሚለው «ቦታው ድረስ ሄጃለሁ፣ ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ» ነው። ይሄ ለአጭበርባሪ ውድ ነው። ወይም ውድ ነበር። ኮፒ ፔስት ያንን ሁሉ ድካም በአንድ ደቂቃ በነጻ አደረገው። ማንም በነጻ የሚያገኘው ምልክት ደግሞ ምንም አይለይም።

ስለዚህ ሌባው የወሰደው ፎቶ ብቻ አይደለም፤ በፎቶው የተገነባውን አመኔታ ነው። የአዲስ አበባዋ እናት ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ለእቴቴ ያሏት «ከእንግዲህ በኢንተርኔት ማር አልገዛም» ነው። ይሄ ዓረፍተ ነገር እቴቴን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ምንም ያላጠፉትን የደሴ፣ የወልዲያና የላሊበላ ሻጮች፣ ከኋላቸው ያለውንም ንብ አናቢ ይጎዳል። ሌባው ያገኘው የሁለት ባልዲ ዋጋ ነው፤ ያጠፋው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው «ያልተመዘገበ ነገር ምን መብት አለው?» ይላል። ስህተት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው) እንደሚለው፣ አንድ ሥራ ወጥ ከሆነና ግዙፍነት ካገኘ፣ ማለትም ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ፣ ከተሠራበት ቅጽበት ጀምሮ ጥበቃ አለው። ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ጥራቱም ዓላማውም አይጠየቅም። የእቴቴ የማር ጽሑፍ በዚህ ሕግ ፊት ከልብ ወለድ መጽሐፍ አያንስም። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሥራችሁን መዝግቦ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ይሄ ግን ለማስረጃ ይጠቅማል እንጂ መብቱን የሚፈጥረው እሱ አይደለም።

ሕጉ የማይጠብቀውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ሐሳብ፣ ዘዴና አሠራር የማንም ንብረት አይደሉም። ለዚህ ከአምባሰል የተሻለ ምሳሌ የለም። አምባሰል ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ነው። በአምባሰል ቅኝት ለመዝፈን ማንንም አናስፈቅድም። አንድ ድምፃዊ በቅኝቱ ዘፍኖ ያስቀረጸውን ሥራ ወስዶ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። እንደዚሁ ሌላ ነጋዴ «የአምባሰል ማር» ብሎ ቢሸጥ፣ ማሩ የአምባሰል እስከሆነ ድረስ እቴቴ ልትከለክለው አትችልም። የእሷን ፎቶና የእሷን ዓረፍተ ነገር ሲወስድ ነው ሌባ የሚሆነው።

አሁን ወደ ታፔላው። አዋጁ ስለ ፎቶግራፍ ለየት ያለ ነገር ይላል፤ ብዙዎቻችን አናውቀውም። ፎቶ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ውስጥ ሲታተም፣ ወይም የሠሪውን ወይም የወኪሉን ምልክት ወይም አድራሻ ሲይዝ ነው። ልብ በሉ። ጽሑፍ ሲጻፍ ጀምሮ ይጠበቃል፤ ለብቻው የተለቀቀ ፎቶ ግን ስም ይፈልጋል። ድረ ገጽ ላይ ያሉ ፎቶዎች «ስብስብ» ናቸው ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል። ስም ያለበት ፎቶ ግን ያን ያህል ክርክር አያስፈልገውም። እቴቴ ከለጠፈቻቸው ፎቶዎች ሁሉ የሱቋ ስምና ስልክ የሚታይበት ያ የታፔላው ፎቶ ብቻ ነበር። ለዚያውም ሆን ብላ ሳይሆን በአጋጣሚ። ገዢዋን ወደ እውነተኛው ሱቅ ያደረሳቸውም፣ በሕግ ዓይን ከሁሉም የጠነከረውም እሱ ነው።

ይሄ ለሐይቅ አዲስ ነገር አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቁ ውስጥ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ ከአገሪቱ ታላላቅ የመጻሕፍትና የትምህርት ማዕከላት አንዱ ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፈው ባለ ሥዕሉ ወንጌል ለገዳሙ የሰጡት እሳቸው መሆናቸው ተጽፎበታል። የግዕዝ ብራና ጸሐፊዎችና ባለቤቶች መጽሐፉ የማን እንደሆነ በራሱ በመጽሐፉ ላይ ይጽፋሉ፤ የሰረቀውና ስሙን የፋቀው ደግሞ የተወገዘ ይሁን ብለው ይጨምራሉ። የዛሬውን ዋተርማርክ አባቶቻችን በቀለምና በግዝት ሠርተውታል። እኛ ግን ስልኩ በእጃችን ሆኖ ስማችንን ሳንጽፍ እንለጥፋለን።

ከባድ ቅጣት፣ ረጅም መንገድ

አዋጁ ጥርስ የለውም የሚል ካለ አላነበበውም። መብትን ሆን ብሎ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። በፍትሐ ብሔር ደግሞ የሞራል ካሳው ከ100,000 ብር እንዳያንስ ተደንግጓል። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ሌባው መንቀጥቀጥ ነበረበት።

ታዲያ ለምን አይንቀጠቀጥም? ጋሪ ቤከር በ1968 እ.ኤ.አ. በጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ ወንጀለኛም ሒሳብ ያሰላል ይላል። የሚያሰላው የቅጣቱን ክብደት ብቻ አይደለም፤ የመያዝ ዕድሉንም ጭምር ነው። የ10 ዓመት እስር ዜሮ በሚጠጋ የመያዝ ዕድል ሲባዛ ውጤቱ ዜሮ አካባቢ ነው። ትንሽ ግን የማይቀር ቅጣት ከዚህ የበለጠ ያስፈራል።

በእቴቴ በኩል ያለውን ሒሳብ ደግሞ እንሥራው። ከሐይቅ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱም እንደ ዘመኑ ነው። ሱቅ ይዘጋል፣ የጠበቃ ይከፈላል፣ ቀጠሮ ይራዘማል። ተከሳሹ ማን ነው? ስሙ አይታወቅም። ከተማው አይታወቅም። እሷ የምታጣው የተረጋገጠ ነው፤ የምታገኘው ግን ምናልባት ነው። ስለዚህ ዝም ማለቷ ከስንፍና አይቆጠርም፤ ሒሳቡ ነው ዝም የሚያሰኛት። ሕጉ ችግሩን የሚያየው እንደ ትልቅ አሳታሚና እንደ ትልቅ የሙዚቃ ነጋዴ ጉዳይ ነው። በስልክ ማር ለምትሸጥ ሴት የሚመጥን አጭር መንገድ ግን የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኦሪጅናሉ ዝም የሚልበት ጊዜም አለ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ እቴቴ የፌስቡክ ፔጅ ብቻ ነበራት፤ ለወራት አንድ መልእክት እንኳን መመለስ አልቻለችም። ፔጇን ያየ ሰው «ይሄ ሱቅ ተዘግቷል» ነው የሚለው። ሌላ ከተማ ተቀምጦ የገለበጠ ሰው ግን በደቂቃ መልስ ይሰጣል። ገዢ ደግሞ የሚያምነው የሚመልስለትን ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚጠፋው የዕለት ሽያጭ ብቻ አይደለም፤ ባለቤትነትን የማስረዳት አቅምም አብሮ ይጠፋል።

ምን አደረግን?

መጀመሪያ ያደረግነው ነገር መናደድ ነበር። እቴቴ ለሌባው ደውላ ልትሳደብ ነበር። አስቆምኳት። ምክንያቱም ሌባ ከነቃ ገጹን ዘግቶ ማስረጃውን ይዞ ይጠፋል። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነበር።

አንደኛ፣ ማስረጃ መያዝ። የተገለበጠውን እያንዳንዱን ገጽ ሙሉ አድራሻውና ቀኑ እንዲታይ አድርገን ስክሪንሾት አነሳን። ከዚያ የኢንተርኔት አርካይቭ በሚባለው ድርጅት «ዌይባክ ማሽን» ላይ ሁለቱንም፣ የእሷንም የሌባውንም ገጽ አስቀመጥን። ይሄ በነጻ ነው፤ ገጹ በዚያ ቀን ምን እንደሚመስል ሌላ ወገን ይመዘግብላችኋል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ «ስክሪንሾት ምን ዋጋ አለው» የሚሏችሁን አትስሟቸው።

ሁለተኛ፣ ኦሪጅናሉን ማውጣት። ከስልኳ ላይ ያልተቆረጡትን ዋና ፎቶዎች፣ ከነቀናቸው፣ በአንድ ፎልደር አስቀመጥን። ከሐይቅ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ አምባሰል ወረዳ ውስጥ ውጫሌን ታገኛላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ሌላ፣ በጣሊያንኛው ሌላ ሆኖ ነው አገር ለአገር ያጣላው። ምኒልክ «እኔ የፈረምኩት ይሄን ነው» ማለት የቻሉት የአማርኛው ቅጂ ስለነበራቸው ነው። ፎቶ በፌስቡክ ስትለጥፉ ፋይሉ ይጨመቃል፣ ከጀርባው ያለው መረጃም ይጠፋል። ስለዚህ ዋናውን ከስልካችሁ አታጥፉ።

ሦስተኛ፣ እጃችንን ማጽዳት። እዚህ ጋ አፈርን። የእቴቴን ገጽ ስናጣራ አበባ ላይ ያረፈች ንብ የሚያሳየው ቆንጆ ፎቶ የእሷ አልነበረም። ገጹን የሠራው ልጅ ከጎግል ነው ያወረደው። እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም፤ ስለ ሐይቅ በጻፍኩት አንድ ጽሑፍ ላይ የማን እንደሆነ የማላውቀውን የሐይቁን ፎቶ ተጠቅሜ ነበር። የንቧን ፎቶ አነሳነው፣ የእኔንም አጠፋሁ። የሰው እየወሰድን የራሳችንን መጠየቅ አይሆንም። ደግሞም ቀጥሎ ያለው ቅጽ ውሸትን ያስጠይቃል።

አራተኛ፣ ማሳወቂያ መላክ። በአሜሪካ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ዲኤምሲኤ የሚባል ሕግ አለ። በእሱ መሠረት የድረ ገጽ አስተናጋጆች፣ ጎግል፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ሌሎችም የባለቤት ማሳወቂያ ሲደርሳቸው የተሰረቀውን ያነሳሉ። ቅጹን ለመሙላት አሜሪካ መኖር አያስፈልግም፤ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። የሚጠየቀው፦ የእናንተ ሥራ የቱ እንደሆነ፣ የተገለበጠው የት እንዳለ (የእያንዳንዱ ገጽ ሊንክ)፣ ስማችሁና አድራሻችሁ፣ ያለ ፈቃድ መወሰዱን በቅን ልቦና እንደምታምኑ፣ የመብቱ ባለቤት ወይም ወኪል ስለመሆናችሁ በሐሰት ምስክርነት ተጠያቂ የሚያደርግ ቃልና ፊርማ ናቸው። ሌባው የተቃውሞ መልስ ከሰጠ፣ እናንተ ፍርድ ቤት ካልሄዳችሁ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ገጹ ሊመለስ ይችላል። ሌቦች ግን ይሄን መልስ ለመስጠት ስማቸውንና አድራሻቸውን መጻፍ ስላለባቸው ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ።

ድረ ገጹ የት እንደተስተናገደ «ሁኢዝ» በሚባለው ነጻ ፍለጋ አየን። ውጭ አገር ነው። ለአስተናጋጁ ጻፍን፤ በስድስተኛው ቀን ገጹ ወረደ። እቴቴ እልል አለች። በአንድ የመልእክት መተግበሪያ ላይ የተከፈተው ቻናል ግን ቆየ። ሲዘጋ ደግሞ በሌላ ስም ተከፈተ። ይሄን አልደብቃችሁም፤ ማስወረድ አረም እንደመንቀል ነው፤ ሥሩ እዚያው ሊቀር ይችላል።

አምስተኛ፣ ገንዘቡን መከተል። ሥሩ ያለው እዚህ ነው። ሌባው ስሙን፣ ፎቶውን፣ ከተማውን ሊደብቅ ይችላል። ገንዘብ የተቀበለበት የሞባይል ሒሳብ ግን በሰው ስም የተመዘገበ ነው። ያልሸጠውን ማር እሸጣለሁ ብሎ ገንዘብ መውሰድ ደግሞ ከቅጂ መብት ጥሰትም አልፎ በወንጀል ሕጉ አታላይነት ነው። ይሄን ክስ ማቅረብ የሚችሉት ገንዘባቸውን ያጡት ናቸው። የአዲስ አበባዋ እናት የላኩበትን ደረሰኝ ይዘው ፖሊስ ጣቢያ አመለከቱ፤ እቴቴ ደግሞ ማስረጃዎቿን ሰጠቻቸው። ጉዳዩ እስካሁን አላለቀም። ግን ሁለት ሰዎች ተለያይተው ሲያለቅሱ የነበሩት አሁን አንድ ፋይል ላይ ናቸው።

ምን ይሻሻል?

ትልልቅ ንግግር አያስፈልግም። ሦስት ትንንሽ ነገሮች ይበቃሉ።

አንደኛው፣ አጭር መንገድ። አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በስልክ የሚሞላ፣ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የተዘጋጀ ቀላል የቅሬታ ቅጽ ቢኖረው፣ ማስረጃውን አይቶ «ይህ ሥራ የእሷ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አቅርባለች» የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ ቢሰጥ፣ ሐይቅ ያለች ነጋዴ አዲስ አበባ ሳትመጣ ለፖሊስም፣ ለገንዘብ አስተላላፊውም፣ ለውጭ ኩባንያውም የምታሳየው ወረቀት ይኖራታል። የ10 ዓመቱ እስር ያላስፈራውን ሌባ ሳይዘገይ የሚታገድ የሞባይል ሒሳብ ያስፈራዋል። በዚያው የፎቶውን አንቀጽም ማየት ነው። ሰው ሁሉ ካሜራ በኪሱ በያዘበት ዘመን ጽሑፍ ያለ ስም ተጠብቆ ፎቶ ስም የሚጠየቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው፣ ትምህርት። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ወጣቱን ድረ ገጽ መሥራት ያስተምረዋል። የሠራው ሲሰረቅ ምን እንደሚያደርግ፣ የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃድ ማውረድ ስርቆት መሆኑንም አንድ ምዕራፍ ጨምሮ ቢያስተምር ጥሩ ነው። የእቴቴን ገጽ የሠራው ልጅ ክፉ አይደለም፤ ማንም አልነገረውም።

ሦስተኛው፣ የጋራ ስም። ኢትዮጵያ ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋጨፌን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ በ2005 እ.ኤ.አ. ስትነሳ ከስታርባክስ ጋር ተፋጥጣ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ተስማምታለች። የቦታ ስም ዋጋ አለው ማለት ነው። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ማኅበራት የወል የንግድ ምልክት እንዲያስመዘግቡ ይፈቅዳል። ምዝገባው 7 ዓመት ያገለግላል፣ ይታደሳል። የአምባሰል ንብ አናቢዎች ተሰብስበው አንድ ምልክት ቢያስመዘግቡ፣ አንዲት ነጋዴ ብቻዋን የማትችለውን ክስ ማኅበሩ ይችለዋል።

እስከዚያው ግን

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። ከላይ የዘረዘርኩት አብዛኛው ነገር ጅቡ ከሄደ በኋላ ያለው ጩኸት ነው። ከመምጣቱ በፊት የሚደረገው ቀላል ነው። ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት የሱቃችሁን ስምና ስልክ በላዩ ላይ ጻፉ፤ ጥግ ላይ ሳይሆን ሲቆረጥ ዕቃውም አብሮ የሚቆረጥበት ቦታ ላይ። በየወሩ አንድ ቀን የራሳችሁን ፎቶ በጎግል የምስል ፍለጋ ፈልጉ፤ ከጽሑፋችሁም አንድ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር በትእምርተ ጥቅስ አድርጋችሁ ፈልጉ። የቴሌግራም ቻናል ካላችሁ ይዘት ማስቀመጥና ማስተላለፍ የሚከለክለውን ማስተካከያ አብሩት፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ስክሪንሾትን ሁሉ አያቆምም፤ ሰነፍ ሌባን ግን ያደክማል። ደንበኞቻችሁም የምትቀበሉበት የሒሳብ ስም የትኛው ብቻ እንደሆነ ይወቁ።

እቴቴ አሁን የራሷን መላ አግኝታለች። ማር ባሸገች ቁጥር የሱቋን ስምና የዕለቱን ቀን ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ትጽፍና ከባልዲው አጠገብ አቁማ ታነሳለች። ስፔንስ ቢያያት ደስ ይለው ነበር። የኅዳርን ቀን የያዘ ፎቶ ለጥር ሌባ አይጠቅመውም፤ ለማጭበርበር በየሳምንቱ አዲስ ማርና አዲስ ካርቶን ያስፈልገዋል። ዋጋው አንድ ቁራጭ ካርቶን ነው።

ባለፈው ሳምንት ደውላ ነገረችኝ። የአዲስ አበባዋ እናት እንደገና አዝዘዋል፤ አንድ ባልዲ ብቻ፣ ለሙከራ። ገንዘቡን ከመላካቸው በፊት ግን በቪዲዮ እንድትደውልላቸው ጠየቁ። ደወለች። «ልጄ፣ አንቺን አይደለም ማየት የምፈልገው» አሏት፤ «ውጪ ውጪና ታፔላውን አሳዪኝ።»